ጎበዝ! አጨብጭቡላት!

ቲቸር «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ቆጥባ አታውቅም። ቀይ ኳስ አሳይታው ልጁ በባዕዱ ቋንቋ «ቀይ» ካለ ጎበዝ ነው፤ «ሰማያዊ» ካለም ጎበዝ ነው፤ ምንም ሳይል አፍንጫውን ከጎረጎረም «ጎበዝ፣ እያሰበ ነው» ይባላል። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሩን ከፈት አድርጎ «ቲቸር፣ የግቢው ቧንቧ ፈንድቷል» ሲላት፣ ዞር እንኳ ሳትል «በጣም ጎበዝ!» ብላው፣ ሰውየው ግራ ተጋብቶ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄዷል። የጽዳት ሠራተኞቹ ይህን እያነሡ እስካሁን ይስቃሉ።

አመሉ ግን እንዲያው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ያንን ቋንቋ እሷ ራሷ የተማረችው በኩርኩም ነው። አስተማሪዋ ፈገግታ የሚያስከፍለው የሚመስል ሰው ነበር። ልጅ ሲሳሳት በእርሳስ ጫፍ አናቱን ቆርቆር አድርጎ «ድገም!» ይላል፤ ልጁም ሲደግም ከፍርሃት የተነሣ የባሰ ይሳሳታል፤ እንደገና ቆርቆር፣ እንደገና «ድገም!»። ቲቸር ከዚያ ክፍል ስትወጣ የቻለችው ቋንቋውን ሳይሆን አንገት መድፋትን ነበር፤ ቋንቋውን ያወቀችው ቆይታ፣ በራሷ ጥረት ነው። ስለዚህ የሕፃናት መምህርት ስትሆን ማለች፦ በእኔ ክፍል ማንም ልጅ ተሳሳትክ ተብሎ አይሸማቀቅም። መሐላዋንም ጠበቀች። እንዲህ አድርጎ መሐላ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ያስፈራል።

ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ነገሩን ለምዶታል። ሽንኩርት ግዛ ተብሎ ሳሙና ይዞ ሲገባም «ጎበዝ» ትለዋለችና፣ «አንቺ ጎበዝ ባልሽኝ ቁጥር ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ነው የምሳቀቀው» ይላታል። እሷ ትስቃለች። ቀልድ ይመስላታል።

ክፍሏ ምድር ቤት ነው፤ ሰፊው መስኮት ወደ ጎዳናው ይከፈታል፤ የአውቶቡስ ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ልጆቹ ግር ብለው ይነሣሉ። ወንበሮቹ ለትልቅ ሰው ከጉልበት በታች ናቸው። በሩ አጠገብ የልጆቹ ኮት መስቀያ በረድፍ ተደርድሯል። ልጆቹ ገና ማንበብ ስለማይችሉ በየመስቀያው ላይ በስማቸው ፈንታ ሥዕል ተለጥፏል፤ ዓሣ፣ ቁልፍ፣ ከበሮ፣ ካሮት፣ ጃንጥላ። ብዙም ሳይቆዩ በሥዕሉ መጠራራት ጀመሩ፤ ወላጆችም ለመዱት፤ አሁን «ካሮትን ዛሬ አሟታል» ብሎ የሚደውል አባት ማንንም አያስገርምም። የሚማሩትን ቋንቋ ደግሞ ከዚህ ክፍል ውጭ የትም ስለማይሰሙት «የቲቸር ቋንቋ» ይሉታል፤ እሷ የፈጠረችው ሳይመስላቸው አይቀርም።

ጃንጥላ ዝምተኛዋ ናት። አምስት ዓመቷ ነው። «ኳሱን አምጪ» ሲሏት ታመጣለች፤ «ትልቁን ዛፍ አሳዪ» ሲሏት ታሳያለች፤ መዝሙር ሲዘመር ግን ከንፈሯን ገጥማ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። በክፍሉ ውስጥ ያላት ጓደኛ አንድ ከበሮ ብቻ ነው። ከበሮ ስሙን የሚመስል ልጅ ነው፤ ከገባ እስኪወጣ ድረስ አፉ አይዘጋም። ጃንጥላ ውሃ ስትፈልግ ከበሮ «ውሃ ፈለገች» ይላል፤ ቀለም ስትፈልግ ከበሮ ይለምንላታል። ቲቸር በበኩሏ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ራሷን ስታጽናና ወራቱ አለፉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሯ አስጠራቻት። ዳይሬክተሯ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት፤ መምህራኑ በሙሉ «እትዬ» ይሏታል።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ጃንጥላ እስካሁን አንድ ነገር ተናግራለች?»

«ሁሉም ነገር ይገባታል እትዬ። ያልኳትን በሙሉ ታደርጋለች።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች።

«በሚቀጥለው ተርም ሒሳቡም፣ ተረቱም፣ ጨዋታውም በዚያው ቋንቋ ነው» አለች ዳይሬክተሯ። «የማትናገር ልጅ እዚያ መሐል አስገብቼ የቤት ዕቃ ላድርጋት? ትንንሾቹ ክፍል ትውረድና ከሥር ትጀምር።»

«ዳይፐር ካልፈቱት ጋር? እትዬ፣ ጓደኛዋ እኮ እዚህ ነው! ያለ ከበሮማ ጭራሽ ትደነዝዛለች!»

«ልቀጣት አይደለም፤ ደግሞም ዛሬ አላወርዳትም። ተርሙ ሊዘጋ ሲል፣ የመጨረሻው ሐሙስ ላይ፣ ክፍልሽ መጥቼ እቀመጣለሁ። ከራሷ አፍ፣ ከራሷ ሐሳብ አንድ ነገር ከሰማሁ ትቆያለች። አብራ የምታጉረመርመው መዝሙር አይቆጠርም። ካልሰማሁ ትወርዳለች።»

ቲቸር ከቢሮ ወጥታ በቀጥታ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ያላት መድኃኒት ደግሞ አንድ ስለሆነ እሱኑ ጨመረችው። ጃንጥላ ገና ከንፈሯን ስታላውስ «ጎበዝ!»፣ ስታዛጋ «ጎበዝ!»፤ የሚያብረቀርቁ የወረቀት ኮከቦች ገዝታ ግንባሯ ላይ ትለጥፍላት ጀመር። ልጅቱ ኮከቡን ቀስ አድርጋ ታነሣና ከበሮ ግንባር ላይ ትለጥፈዋለች። ከበሮ በዚያ ሰሞን ሰማይ መስሎ ነው ቤቱ የሚገባው።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ መሆኑን ስታየው ቲቸር ልጅቱ ቤት ሄደች። የጃንጥላ እናት ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ቤታቸውም ከላውንደሪው በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ሳሙና ሳሙና፣ ትኩስ ጨርቅ ጨርቅ ይሸታል። እናትየው በሩን ስትከፍት ቲቸርን አይታ ደነገጠች።

«ምነው ቲቸር፣ በደኅና?»

«በደኅና ነው። ስለ ዝምታዋ ልናወራ ብዬ ነው።»

«ስለ ማን ዝምታ?»

«ስለ ልጅሽ።»

እናትየው ሳቋ መጣ። «የኔዋ? ዝም? ኧረ ቲቸር! እኛ እኮ እሷን ካገኘን ወዲህ ራዲዮ መክፈት ትተናል። በእርስዎ ቋንቋ ደግሞ ይብሳል፤ እኔና አባቷ ምኑም ስለማይገባን ሁለታችንም እሺ እሺ ነው የምንለው። አሁን ራሱ እያስተማረች ነው። ይምጡ ይስሙ፤ ብቻ ቀስ ይበሉ፤ ሰው ካየች ታቆማለች።»

ኮሪደሩ ላይ የተሰጡ አንሶላዎች ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ከአንሶላው ጀርባ ቆመው በክፍተቱ አጮልቀው አዩ። ጃንጥላ የቤቱን ጫማ በሙሉ ግድግዳ ሥር አሰልፋለች፤ የአባቷን ትልቅ ጫማ፣ የእናቷን ነጠላ ጫማ፣ የዝናብ ቦቲ፣ ከዳር ደግሞ የራሷን ትንሽ ሰንደል። እሷ አስተማሪ ናት። በአንድ እጇ ጨርቅ ይዛ ጠረጴዛ ትወለውላለች፤ ፊቷን ወደ ጫማዎቹ አታዞርም። የጫማዎቹንም ድምፅ የምታወጣው እሷው ነች፤ ሁሉንም በቲቸር ቋንቋ፣ ጥርት አድርጋ።

«ቲቸር፣ ራበኝ» አለ ቦቲው።

«ጎበዝ!» አለች ጃንጥላ እየወለወለች።

«ቲቸር፣ ወደቅሁ፤ ጉልበቴ ደማ» አለ ነጠላ ጫማው።

«ጎበዝ! ኮከብ ይገባሃል!»

«ቲቸር!» ብሎ ጮኸ የአባቷ ጫማ በወፍራም ድምፅ፤ «ቤቱ እየተቃጠለ ነው!»

«በጣም ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ብላ ራሷ አጨበጨበችለትና ወደ ውልወላዋ ተመለሰች።

እናትየው የሚባለው ባይገባትም የልጇ አኳኋን አስቋት አፏን በእጇ አፍና ነበር። ቲቸርም ልትስቅ አፏን ከፈት አድርጋ ነበር። በዚህ መሐል ትንሿ ሰንደል በቀጭን ድምፅ ተናገረች።

«ቲቸር፣ በረደኝ። መስኮቱን ዝጊልኝ።»

«ጎበዝ! ሁላችሁም በሉ!»

ጫማዎቹም በሙሉ ተነሡና በኅብረት «በረደኝ፣ መስኮቱን ዝጊልኝ» እያሉ ዘመሩ።

ቲቸር ክው አለች። ይህን ከዚህ በፊት ሰምታዋለች፤ ተርሙ በተከፈተ ሰሞን ነበር። ጃንጥላ ያን ጊዜ የምትቀመጠው መስኮቱ ሥር ነው፤ ቀኑ ነፋሻ ነበር። እጇን አውጥታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ቀድማ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በባዕዱ ቋንቋ ተናገረች። ቲቸር በደስታ ሰማይ ልትነካ ምንም አልቀራት። አቀፈቻት፣ አስጨበጨበችላት፣ እንደገና አስባለቻት፤ ከዚያም ክፍሉ በሙሉ እየተቀባበለ እንዲለው አደረገች፤ «በረደኝ፣ መስኮቱን ዝጊልኝ!» እያሉ ልጆቹ እስኪበቃቸው ጮኹ። መስኮቱን የዘጋው ሰው አልነበረም። ጃንጥላ መጋረጃውን እግሯ ላይ ጠቅልላ እስከ እረፍት ሰዓት ተቀመጠች፤ በማግስቱ ጉንፋን ይዟት ቀረች። ተሽሏት ስትመለስ ዝም አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ቲቸር የገዛ ድምፅዋን የሰማችው ገና ዛሬ ነው፤ ያውም ከጫማ አፍ። ፊቷ ተለዋውጦ ስታያት እናትየው ደነገጠች።

«አስቀየመችዎት እንዴ ቲቸር? ልጅ ናት፣ ይተዉላት።»

«የለም፣ እሷስ አላስቀየመችኝም» አለች ቲቸር፤ አንገቷን እንደ ደፋች ደረጃውን ወረደች።

ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የተፈታ ሞተር ፊቱ አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማትና «እኔስ ስንት ጊዜ ነግሬሽ ነበር!» አለ። እንባዋ መምጣቱን ሲያይ ግን ሊያጽናናት ፈልጎ «ይኸው ራስሽ ደረስሽበት፣ ጎበ...» ብሎ ምላሱን ነከሰ። ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ እያለቀሰች ነው የሳቀችው።

በማግስቱ ጠዋት በቀጥታ ዳይሬክተሯ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም አወራቻት። ጫማዎቹን፣ መስኮቱን፣ ምንም ሳታስቀር። «ስለዚህ እትዬ፣ ልጅቱ ትናገራለች። ማውረድ አያስፈልግም።»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። «እሷ እቤቷ መናገሯን እኔ መች ተጠራጠርኩ? እዚህ ሲያማትስ? እዚህ ሲመቷትስ? ለማን ነው የምትነግረው፣ ለጫማዋ? እኔ የፈራሁት እሱን ነው። ትንንሾቹ ክፍል ያለችው መምህርት ዝም ያለን ልጅ ዓይኑን አይታ ታውቃለች። አንቺ ግን...» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። «ሐሙስ እመጣለሁ።»

 እውነት ነዋ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ሥራ ያዘች፤ መስማት። ቀላል ይመስላል፤ ግን ምላሷ በለመደው መንገድ ይነጉዳል። «ጎ» ብላ ትጀምርና ትይዘዋለች፤ በቀን ውስጥ እንዲህ እያለች ስትቆራርጠው ልጆቹ ስቅታ የያዛት መሰላቸው፤ ቁልፍ ውሃ አምጥቶ ሰጣት።

የመጀመሪያው ቀን ከበሮ ተነሥቶ በቲቸር ቋንቋ «ጠዋት ወንበር በላሁ» አለ። ድሮ ቢሆን ጭብጨባ ነበር።

«ወንበር በላህ?» አለችው ቲቸር በዚያው ቋንቋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። «እግሩንም ጭምር? አልጠነከረህም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከበሮ ራሱ ከሁሉም በላይ ሳቀና «አይ! አይ! ዳቦ!» ብሎ ጮኸ።

«እንዲያ በለኛ! ዳቦ በላህ። በምን በላኸው?»

«በማር!»

ማንም አላፈረም። ከበሮ ተሳሳትክ ሳይባል ስሕተቱን አየ፤ አይቶም አቀናው፤ ማሩን ደግሞ ከራሱ ጨመረበት። ቲቸር ይህን ስታይ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከልጆቹ ጋር ሳታወራ የኖረች መሰላት። ልጆቹ ሲናገሩ እሷ ታጨበጭብ ነበር እንጂ መልስ ሰጥታቸው አታውቅም። በእርሳስ የሚቆረቁረው ያ አስተማሪም ይህንኑ ነበር የሚያደርገው፤ እሱ በእርሳስ፣ እሷ በኮከብ፤ የሚሉትን ግን ሁለቱም አልሰሙም። ይህን ማሰብ አሳመማት።

ሁሉ ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። ካሮት ቀኑን ሙሉ ጎበዝ ሳትባል በመዋሏ ኮት መስቀያው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። በማግስቱ እናቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

«ልጄ ምን አጥፍታ ነው ጎበዝ የተነፈገችው?»

«ምንም አላጠፋችም። የምትለኝን እየሰማኋት ነው።»

«ስሚያት ታዲያ፣ ማን ከለከለሽ? ጎበዝንም በይላት!»

ቲቸር ቃሉን ጨርሳ አልጣለችውም። ዓሣ የሚባለው ልጅ ምላሱ ትንሽ ይተበተባል። የሚወደውን እንስሳ በባዕዱ ቋንቋ ሊነግራት ሲታገል ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ከነምክንያቱ ሳይደናቀፍ ነገራት። ጎንበስ ብላ «ጎበዝ፤ ትናንት መሐል ላይ ትተኸው ነበር፣ ዛሬ ጨረስከው» አለችው። ዓሣ ጆሮው ድረስ ቀላ። ያን ቀን ለአያቱም፣ ለጎረቤቱም፣ ለአውቶቡስ ሹፌሩም እንደ ነገረ በኋላ ሰማች።

ጃንጥላ ይህን ሁሉ ታያለች። ዝም ብላ ታያለች። ቲቸርም አትጠይቃትም፤ ኮከቡም ቀርቷል። ልጅቱ ግን እየፈተነቻት መሆኗን ቲቸር ታውቃለች። አንድ ጠዋት ልጆቹ እየሣሉ ሳለ ጃንጥላ ቀና ሳትል፣ በቲቸር ቋንቋ፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ «ውሃ» አለች። ቲቸር ክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ነበረች። ጩኺ ጩኺ አላት። ከንፈሯን ነክሳ ውሃ ቀዳች፣ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችላትና ሄደች። ጃንጥላ ውሃውን አየችው። ቲቸርን አየቻት። ከዚያ ጠጣች።

ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቃል ሳይጨመር ሐሙስ ደረሰ።

ዳይሬክተሯ ገብታ ከትንንሾቹ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረው። ደብተሯን ከፈተች።  ቲቸር አደረች እንጂ አልተኛችም፤ የጃንጥላ እናትም ጠዋት ልጅቱን ስታደርስ እጇን ጨብጣ «አደራ ቲቸር» ብላታለች። ቲቸር ትልቅ የመንገድ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሰቅላ ልጆቹን ታናግር ጀመር። ዓሣ ስለ ውሻው ተናገረ፤ ካሮት ስለ ኬክ ቤቱ። ጃንጥላ ከበሮ አጠገብ ተቀምጣ ጣቷን ትቆጥራለች።

ዳይሬክተሯ ትንሽ ጠብቃ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለች። በዚያው ቋንቋ፣ በለሰለሰ ድምፅ «ከሥዕሉ ውስጥ የቱን ወደድሽ?» አለቻት።

ጃንጥላ ጫማዋን አየች።  ከበሮ እንደ ልማዱ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ዳይሬክተሯ በእጇ ከለከለችው። ጃንጥላ ዝም። ዳይሬክተሯ ቀና አለችና ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ቲቸር ያቺን እስክሪብቶ ስታይ ደነገጠች። በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው የሚሮጠው ወደለመደው ቤት ነው፤ እሷም የሮጠችው ወደዚያው ነው። ድምፅዋ ከፍ አለ፣ እጇ ተወራጨ፣ አንዱን ልጅ ሳታስጨርስ ሌላውን ታስነሣለች። «ቀጥል! ጎበዝ! አንቺስ? ጎበዝ! ማን አለ?» ዓይኗ ግን ከእስክሪብቶው አልተነቀለም።

ከበሮ ተነሣ። እግሩን አጣምሮ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ በቲቸር ቋንቋ አንዲት ነገር ሳያዛባ «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ» አለ።

«ጎበዝ! አጨብጭቡለት!»

ልጆቹ ትእዛዙን ስለለመዱት አጨበጨቡ። ከበሮ ግራ ገባው። ሱሪውን ጨምድዶ ይዞ ደገመላት። «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ።»

«በጣም ጎበዝ! ድንቅ ነው!» አለች ቲቸር፣ ዓይኗ ዳይሬክተሯ ላይ።

ወንበር ወደቀ። የጃንጥላ ወንበር ነበር። ልጅቱ እጇን ጨብጣ ቆማለች፤ ፊቷ ከከበሮ ፊት ብሶ ቀልቷል። በቲቸር ቋንቋ፣ ቃሉ እየተጋጨባት፣ ጮኸች።

«ጎበዝ አይደለም! አትሰሚም አንቺ! እሱ ሽንት ቤት! አሁን! ጎበዝ ተዪና ውሰጂው!»

ቲቸር ዞር አለች። ከበሮን አየችው፤ እግሩን፣ እጁን፣ የታፈነ እንባውን። እጁን ይዛ ሮጠች። ኮሪደሩ ረጅም ነው። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ከበሮ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ መሮጥ አላስፈለገም።

ከመስቀያው ላይ የከበሮን ቦርሳ አውርዳ፣ መቀየሪያ ሱሪውን አልብሳው ይዛው ስትመለስ ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማለች። ደብተሯን ዘግታለች።

«ሰማኋት» አለች። «ትቆያለች። ትንንሾቹ ክፍል የሚወርድ ሰው ካስፈለገ አንቺ ነሽ።»

ከንፈሯ ዳር ሳቅ ነበረ፤ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። «እሺ እትዬ» አለች ቲቸር። የደስታ ነው የእፍረት ባልታወቀ እንባ ዓይኗ ሞላ።

ከበሮ ሹልክ ብሎ ወደ ቦታው ሄደና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ዛሬ አፉ ተዘግቷል። ጃንጥላ ሱሪውን አየች፤ ጠዋት ሰማያዊ ነበር፣ አሁን ቡኒ ነው። ቀስ ብላ ወደ ቲቸር መጣችና ቀሚሷን ሳብ አደረገቻት።

«አልደረሰም?» አለቻት፣ በዚያው ቋንቋ።

ቲቸር ተንበረከከች። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ስንት ወር ስትለምነው የኖረችው ነገር ይኸው ዓይኗን እያየ ጠየቃት፤ አቅፋ ልታስጨበጭብላት፣ ደግመሽ በይው ልትላት ፈለገች። ዋጠችው።

«አልደረሰም» አለቻት። «ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ይቅርታ።»

 ጃንጥላ ጣቷን ወደ ግድግዳው፣ ወደተቀመጠው ልጅ ጀርባ ጠቆመች።

«ለእኔ አይደለም» አለች። «ለእሱ።»

ቲቸር ተነሥታ ወደ ከበሮ ሄደች።